መጠበቅ የቻለ ውስኪ ይሆናል

ባለፈው ሰሞን እራት ተጋብዤ ነበር። እራት ስላችሁ ክትፎና ድራፍት እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ የተሰናዳ የውስኪና የሼሪ እራት ነው። ምግቡ አምስት ጊዜ ይቀርባል፤ አምስቴም ከአንድ መጠጥ ጋር «ተጣምሮ» ይመጣል። መግቢያው ከአንድ ጀማሪ አስተማሪ የወር ደመወዝ ይበልጣል። እኔ አልከፈልኩም። መጠጥ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ «አንድ ወንበር ተርፏል፤ ኮት ልበስና ና!» ስላለኝ ነው። ኮት ተውሼ ሄድኩ።

ሼሪን ለማያውቅ (እኔም እስከዚያች ምሽት አላውቅም ነበር) … ሄሬዝ በምትባል የደቡብ ስፔን ከተማና በአካባቢዋ የሚጠመቅ፣ ተጨማሪ አልኮል ገብቶበት ጠንከር ያለ ወይን ጠጅ ነው። ፊኖ የሚሉት ገረጣ ያለው ደረቅ ዓይነት ከወይራ ፍሬና ከለውዝ ጋር መጣ። ኦሎሮሶ የሚባለው ጠቆር ያለው ከበግ ጥብስ ጋር፤ ፔድሮ ሂሜኔዝ የተባለው፣ እንደ ማር የሚዝለገለገው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከቸኮሌት ኬክ ጋር። በመሐል ሁለት የስኮትላንድ ውስኪዎች ገቡ። ሁለቱም ሼሪ በነበረበት በርሜል ውስጥ የከረሙ ናቸው፤ አንዱ 12 ዓመት፣ ሌላው 18 ዓመት።

ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ አገሬን ጠየቁኝ። «ሸዋ ሮቢት» አልኳቸው። «እስር ቤቱ ጋ?» አሉኝ፤ ጠረጴዛው ሳቀ። ለምጄዋለሁ። ሸዋ ሮቢት ሲባል ሽንኩርቱን፣ ማሾውን፣ ማሽላውን የሚያነሳ ሰው ብዙ አይገጥመኝም።

የ12 ዓመቱ ውስኪ ሲቀዳ አስረጂው «አትቅመሱት፤ መጀመሪያ አሽትቱት» አለን። ሁላችንም አፍንጫችንን ብርጭቆ ውስጥ ከተትን። «ምን ምን ይሸታችኋል?» አንዷ «የብርቱካን ልጣጭ» አለች። አንዱ «አዲስ የቆዳ ወንበር» አለ። እኔን የሸተተኝ ግን ሌላ ነው። የፈላ ብቅል፣ የሞቀ እህል፣ የታፈነ ጭስ … የአክስቴ ጓዳ፣ ሸዋ ሮቢት፣ አረቄ የሚወጣ ቀን! ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከማዶ የተቀመጠ አንድ ሰው «እኔንስ አረቄ አረቄ ነው የሚለኝ» ብሎ ቀደመኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ተራዬ ደርሶ ስጠየቅ «ዘቢብ» አልኩ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «ዘቢብ» ናት።

* * *

አክስቴን እታለም እያልኩ ነው የምጠራት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ያሳደገችኝም በአረቄ ነው። (በጡጦ አላልኩም!) ደብተሬ፣ የደንብ ልብሴ፣ አዲስ አበባ የመጣሁበት የአውቶቡስ ትኬት ሁሉ በመለኪያ በመለኪያ የተጠራቀመ ብር ነው።

አረቄ ሲወጣ ላላየ ልንገረው። ጌሾና ብቅል ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል። ቀናት ቆይቶ የማሽላ ቂጣ እየተቆረሰ ይገባበታል፤ ድፍድፉ ይብላላል። ሲደርስ ማሰሮ ውስጥ ተገልብጦ እሳት ላይ ይጣዳል። የማሰሮው አፍ በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ በመቃ አድርጎ ወደ ሌላ ዕቃ ይሄዳል። ያ ዕቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስለሚቀመጥ እንፋሎቱ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ነው። ተመልሶ ሁለተኛ የወጣው ዳገም ይባላል፤ አልኮሉ ወደ 45 በመቶ ይጠጋል። በጥንካሬ ከውስኪ አያንስም ማለት ነው።

የሸዋ ሮቢት ፈተና «ቀዝቃዛ ውኃ» የምትለዋ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው በራሱ በረዶ ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ አገር የሞላው ያለ ነገር አይደለም። ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዳችሁ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ግን ፀሐዩ ሌላ ነው። ውኃው ወዲያው ይሞቃል። በሞቀ ውኃ ደግሞ እንፋሎቱ አረቄ አይሆንም፤ አየር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ውኃው ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ቀያሪው እኔ ነበርኩ፤ ከሮቢ ወንዝ በጀሪካን እየተመላለስኩ። «ደጋዎቹን ብርዱ ይሠራላቸዋል፤ እኔን የምትሠራልኝ አንተ ነህ» ትለኝ ነበር።

ደንበኞቿ የሽንኩርት ማሳ የቀን ሠራተኞችና የደሴ መንገድ ሾፌሮች ነበሩ። እታለም ማጣመር ታውቅበታለች። ብቻ እሷ መጠጡን የምታጣምረው ከምግብ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ነው። ባዶ ሆዱን ለመጣ መጀመሪያ ቆሎ ታቀርባለች። ሌሊት ለሚነዳ ሾፌር አንድ መለኪያ፤ ከዚያ በኋላ ሻይ። ደመወዝ የተቀበለ ዕለት የሚመጣውን «በቃህ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች» ብላ ታስነሳዋለች። ድግስ ሲኖር ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብርዙን ለብቻ፣ አረቄ ነክቶት በማያውቅ ዕቃ ታሰናዳለች። ይፋት እኮ የወላስማዎች አገር ነው፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የይፋት ሱልጣኔት የነበረበት ቆላ። እዚያ አብሮ መብላት ማለት ማን ምን እንደማይጠጣ ማወቅ ጭምር ነው። በዚያ እራት ላይ አምስት ጊዜ ሲቀዳልኝ «በቃህ» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ከመደርደሪያዋ ላይ አንድ የብላክ ሌብል ጠርሙስ ነበር። ከቆራሌው የተገዛ ባዶ ጠርሙስ ነው፤ ውስጡ ያለው የራሷ ዳገም። የሚወርደው ለክብር እንግዳ ብቻ ነው። ያኔ እንስቅበት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጠርሙሱ ነገሩን ሁሉ ይናገራል። አረቄያችን የሚከበረው የሌላ ሰው ልብስ ሲለብስ ነው። (እኔስ በተዋስኩት ኮት?)

* * *

ከእራቱ በኋላ እልህ ይዞኝ ማንበብ ጀመርኩ። ይሄ ውስኪ የሚሉት ከየት መጣ? ከሰማይ ነው የወረደው?

ከጓዳ ነው የመጣው! ብቅል ይጠነሰሳል፣ ይብላላል፣ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል። ማሰሮው ከሸክላ በመሆን ፈንታ ከመዳብ መሆኑ ነው። አተላው እንኳን እዚያም ለከብት ይሰጣል። በስኮትላንድ ስለዚህ መጠጥ የሚጠቀሰው ቀዳሚ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የ1494 የቤተ መንግሥት መዝገብ ነው፤ ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ «የሕይወት ውኃ» እንዲያወጣበት ብቅል ተሰጠው ይላል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የገበሬ ሥራ ነበር። ቀረጡ ሲከብድ ሰዉ ተራራ ሥር እየተደበቀ ማውጣት ያዘ፤ ቀረጥ ሰብሳቢ ሲመጣ ይሮጣል።

እ.ኤ.አ. በ1823 የእንግሊዝ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ። ቀረጡ ተቀነሰ፤ 10 ፓውንድ የፈቃድ የከፈለ በአደባባይ ማውጣት ቻለ። በዓመቱ ግሌንሊቬት በሚባል ሸለቆ ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ፈቃድ ወሰደ። ተደብቀው የሚያወጡ ጎረቤቶቹ «ቤትህን እናነደዋለን» ስላሉት ሁለት ሽጉጥ ታጥቆ ይንቀሳቀስ ነበር። ዛሬ የዚያ ሸለቆ ስም የቅንጦት ስም ነው። የእኛ አገር ሰርግ የሚያውቀው ጆኒ ዎከርም መነሻው በ1820 ኪልማርኖክ ከተማ የተከፈተ ግሮሰሪ ነው። (የእኛ ዓይነቱ ግሮሰሪ ሳይሆን ሻይ ቅጠልና ቅመም የሚሸጥበት!) ቆይቶም «ውስኪ የሚባለው የቱ ነው?» የሚለውን የሚወስን ንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1909 መልስ ሰጠ። በ1915 ደግሞ ያልከረመ እንዳይሸጥ በሕግ ተከለከለ። አሁን ከ3 ዓመት በታች የከረመ የስኮትላንድ ውስኪ የሚባል የለም።

የሼሪው በርሜልስ? እሱማ ይበልጥ ያስቃል። ሼሪ ወደ እንግሊዝ አገር የሚጫነው በበርሜል ነበር። ባዶውን ወደ ስፔን መመለስ አያዋጣም። የውስኪ ነጋዴዎች ባዶውን እየገዙ ውስኪ ሞሉበት። ባጭሩ የቆራሌው ሥራ ነው! በ1980ዎቹ ሼሪ በጠርሙስ ታሽጎ ብቻ መውጣት ሲጀምር የባዶ በርሜል ምንጭ ደረቀ። አሁን ውስኪ አውጪዎቹ በርሜል አሠርተው፣ እንጨቱ እንዲጠጣው ብለው ሼሪ ያስሞላሉ። የትናንት ባዶ ዕቃ የዛሬ ቅንጦት ሆነ። ሄሬዞችም ስማቸውን አስከብረዋል፤ ከ1996 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሌላ አገር ወይን «ሼሪ» ተብሎ አይሸጥም።

«ምስጢሩ የእነሱ ገብስ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ቻይናን ይመልከት። ማውታይ የሚባለው ዝነኛ መጠጣቸው የሚሠራው ከማሽላ ነው። አዎ፣ ይፋት ቆላ ውስጥ ማማ ላይ ሆነን ወፍ እየጠበቅን ከምናደርሰው ማሽላ! እ.ኤ.አ. በ1972 ኒክሰን ቤጂንግ ሲገቡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዡ ኤንላይ ጽዋ ያነሱላቸው በእሱ ነው። አንድ ዙር አውጥቶ ለመጨረስ ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ ይከርማል፤ ከእህሉ እስከ ጠርሙሱ 5 ዓመት ገደማ ነው። አምራቹ ከዓለም የመጠጥ ኩባንያዎች በአክሲዮን ዋጋ ቀዳሚዎቹ ተርታ የተሰለፈ ነው። ማሽላ መጀመሪያ የተላመደው ግን በእኛው የአፍሪካ ክፍል ነው።

* * *

በእራቱ ማግስት ለእታለም ደወልኩላት። ምን እንደበላሁ፣ ምን እንደጠጣሁ ነገርኳት። 18 ዓመት በርሜል ውስጥ የተቀመጠ መጠጥ መቅመሴን ስነግራት አላመነችኝም።

«18 ዓመት ሙሉ? ሳይሸጥ?»

«ሳይሸጥ።»

ዝም አለች። ቆይታ «ታዲያ በ18 ዓመቱ ውስጥ ልጆቻቸው ምን በሉ?» አለችኝ።

ስለ ውስኪ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። አስረጂው ስለ እንጨቱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሽታው ሲነግረን አመሸ። ይቺን ግን አላነሳትም። ስኮትላንድ ውስጥ በርሜል ውስጥ ካለው ውስኪ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ይተናል፤ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በዚህ ስሌት ከ100 ሊትር በ18 ዓመት 30 ሊትር ያህሉ አየር ላይ ይቀራል። (በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቢሆን መላእክቱ ጠጥተው በርሜሉን ይልሱት ነበር።) ይህን ኪሳራ ችሎ የሚጠብቅ ሰው ማነው? ቀረጡን ውስኪው ከመጋዘን ሲወጣ እንጂ ሲገባ የማይጠየቅ፣ በርሜሉን አስይዞ የሚበደር፣ «ነገ መጥቶ የሚያፈርስብኝ የለም» ብሎ የሚተኛ ሰው ነው። እታለም የዛሬውን ዛሬ ካልሸጠች የነገ ማሽላ አትገዛም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ቅንጦት መጠጡ አይደለም። ቅንጦቱ መጠበቅ መቻል ነው። አረቄና ውስኪ የሚለያዩት ማሰሮው ላይ ሳይሆን ከማሰሮው በኋላ ነው።

ነገሩ ደግሞ ከአረቄም ያልፋል። የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርት ተመልከቱ። በመስኖ ሁሉም በአንድ ሰሞን ያደርሳል፤ ዋጋው ይወድቃል። ገበሬው ማቆያ ስለሌለው ማሳው ዳር በቆመው አይሱዙ ላይ በተባለው ዋጋ ይጭናል። መጠበቅ የሚችለው ነጋዴው ነው፤ ትርፉም የእሱ ነው። ማሾን እዩ ደግሞ። ሚያዝያ 2000 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከሚገበያዩት ምርቶች አንዱ ሆኗል። እዚያ እህሉ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ መጋዘን ይገባል፣ በደረሰኝ ይሸጣል። ፍጹም ነው አልልም። ግን እህልም ደረጃና ደረሰኝ ሲኖረው ትንሽ ይታገሣል።

መጠበቅ ሰላምም ይፈልጋል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እታለም ጓዳዋን እንዳለ ትታ ወጣች። ስትመለስ አልጋ አልገዛችም፤ መጀመሪያ የገዛችው ማሰሮ ነው። 18 ዓመት የሚከርም በርሜል ቢኖራት ኖሮ ማን ይጠብቅላት ነበር?

* * *

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሰው አረቄ ይስፋፋ ሊለን ነው» እያላችሁ ነው። አይደለም። የእታለምን ባል የገደለው አረቄ ነው። ከሰው ቤት ጠጥቶ አይደለም፤ ከራሷ ማሰሮ። እሷ ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ ቀምሳ አታውቅም። «ለምን ታዲያ ትሸጫለሽ?» ብዬ አንዴ በልጅነት አፌ ጠይቄያት «አንተ ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ?» ብላ መለሰችልኝ። ስለዚህ አረቄ ቤት ያፈርሳል ለሚለኝ የምከራከረው የለኝም። ቄሱም ሼኹም እውነታቸውን ነው።

ግን እንዳላየ ማለፉ ማንን አዳነ? መንግሥት ውስኪን ያውቀዋል። ይቀርጠዋል። በጥቅምት 2015 የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከተባሉት 38 የዕቃ ዓይነቶች ተርታ አስገባው፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ ክልከላውን አነሳ። አረቄን ግን በአብዛኛው አይከለክለውም፣ አይመዝግበውም፣ አይመረምረውም። ያልተመረመረ መጠጥ ውስጥ ደግሞ ሜታኖል ሊኖር ይችላል፤ በተለይ የፋብሪካ አልኮል እየቀላቀለ የሚያበዛ ስግብግብ ሲገባበት። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፤ ሰው ይገድላል። ንጹሕ የምታወጣዋና ቀላቃዩ ግን እኩል «አረቄ ሻጭ» ናቸው፤ ሁለቱም ስድብ ነው። በጥንቃቄ መሥራት ምንም ካልጨመረላት ለምን ትጠነቀቃለች?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የስኮትላንዶቹ 10 ፓውንድ ዓይነት ቀለል ያለ ፈቃድ ይኑር። አውጪዎቹ ሴቶች ይደራጁ፤ የሚያወጡት በየጊዜው ይመርመር፤ የአልኮሉ መጠን ይለካ። የደብረ ብርሃኑም የቆላውም አረቄ በየስሙ ይጠራ። ስም ማስከበር አያቅተንም። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሲዳማ፣ ለይርጋጨፌና ለሐረር ቡና የንግድ ምልክት ጥያቄ አቅርበን፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሰናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካወጡት ጥቂቱን እንዲያስቀምጡ የሚያስችል ማቆያና ብድር ይምጣላቸው። አንድ አሥረኛውን፣ ለአንድ ዓመት። ቀስ ብሎ የተሠራና በውድ የተሸጠ ትንሽ መጠጥ፣ በርካሽ ከሚጋተው ብዙ መጠጥ ያነሰ ቤት ያፈርሳል ብዬ አምናለሁ። እታለምም ማገዶ የሚያጨሰው ጓዳ ውስጥ የምትውልባቸው ቀናት ይቀንሱላታል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ግን ከእኔ የሚጀምር አንድ ነገር አለ። መንግሥት ሳይፈቅድ፣ ባንክ ሳያበድር የሚቻል። ኮቱን መልሻለሁ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ ከተጠራሁና «ምን ይሸትሃል?» ከተባልኩ መልሴ ተዘጋጅቷል። ይሳቁ።

ቸር እንሰንብት።